ለመቆም ያልተገደደው መኪና

ዶክተር ሎይድ ኦስትራንደር የጭነት መኪና ክብደት የሚለካበት ሚዛን ጣቢያ ላለመግባት ስምንት ዓመት ሙሉ ሲሟገት የኖረ ሰው ነበር፤ ሬሳው የተገኘው ግን እዚያው ሚዛን ጣቢያ ግቢ ውስጥ ነው። አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ ካለው፣ እንደ አውቶቡስ ከረዘመው ተንቀሳቃሽ ቤቱ በስተኋላ፣ ቀይ ቆቡን እንዳደረገ በግንባሩ ተደፍቷል። ውሽንፍሩ ግማሽ ጎኑን በረዶ አልብሶታል። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ያገኘችው ሚስቱ ማርጆሪ ናት። ጩኸቷን ነፋሱ ስለወሰደው፣ የሚዛን ቤቱን በር በጡጫ እስክትደበድብ ድረስ ማንም አልሰማትም።

መርማሪ ዳርሊን ቩኮቪች በዚያ ሰዓት ከሚዛን ሠራተኛዋ ከኦፓል ጋር የባቄላና የሥጋ ወጥ እየበላች፣ በአገሩ ደንብ በላዩ ላይ የቀረፋ ዳቦ ትገምጥ ነበር። እዚያ የተገኘችው ለሥራ አይደለም። ወደ ጎረቤት ወረዳ ስትሄድ ውሽንፍሩ ደረሰባትና አውራ ጎዳናው ሲዘጋ ከሁሉም ኋላ ገብታ ተዘጋባት። ግቢውን ግን እንደ ጓዳዋ ታውቀዋለች፤ መርማሪ ከመሆኗ በፊት ስድስት ዓመት እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጣ ከባድ መኪና መዝናለች።

ኦፓል ገመድ ይዛላት በነፋሱ ውስጥ ወደ ሬሳው ሄዱ። አሥር እርምጃ ርቆ የሚታይ ነገር አልነበረም። ዳርሊን ተንበርክካ ቆቡን በጥንቃቄ አነሳች። ማጅራቱ አጠገብ ቀጥ ያለ ቁስል አለ፤ ደሙ ፀጉሩ ላይ ደርቆ ቅርፊት ሆኗል። ቆቡን ገልብጣ አየችው። ውስጡ ንጹሕ ነው። ከዚያ ሬሳውን ወደ ጎን አዞሩት፤ ከሥሩ ያለው አስፋልት በረዶ የሌለበት፣ ደረቅና ጥቁር ነበር። እግሩ ላይ ያለው የቤት ነጠላ ጫማ ነው።

«ውሽንፍሩ ስንት ሰዓት ጀመረ?» አለች ዳርሊን።

«ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት። በመዝገብ ይዤዋለሁ። ሰማዩ እስከዚያ ድረስ ጥርት ያለ ነበር፤ ከዚያ ነው እንደ ዱቄት ጆንያ የተዘረገፈብን።»

«እንግዲያው ከዚያ በፊት ነው እዚህ የወደቀው» አለችና ሬሳውን በሸራ ሸፈነችው።

በሬዲዮ ያገኘችው ሸሪፍ ቶሬል ትዕግሥት የፈጠረበት ሰው አይደለም። «ማን ማን አለ እዚያ?» አላት።

«ከእኔና ከኦፓል ሌላ አራት። የሟቹ ሚስት ማርጆሪ። አብረዋቸው የሚጓዙ ባልና ሚስት፣ ዌንዴል ክሬብስና ጆሊን፤ በፒክአፕ የሚጎተት ትንሽ ቤት አላቸው። አራተኛው ማርቪን ቤጌይ የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር ነው።»

ሬዲዮው ትንሽ ጊዜ ተንሿሿ። «ቤጌይ በአመክሮ የተፈታ ነው። በድብደባ። ምን ትፈልጊያለሽ ሌላ? የበረዶ ጠራጊው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይደርስላችኋል። ካቴና አግቢበትና ይዘሽው ነይ።»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጊዜ አለኝ ማለት ነው።»

«ዳርሊን፣ አትራቀቂብኝ!» አለ ሸሪፉ።

እሷም ሬዲዮውን ዘጋችው። መንገዱ ሲከፈት ሦስቱ አዛውንት መንገደኞች ወደየግዛታቸው ይበተናሉ፣ ማርቪን ወደ እስር ቤት ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ነገሩን መልሶ የሚቆፍር ሰው እንደማይኖር ታውቃለች። ይህ ደስ አላሰኛትም።

ማርቪን በፍተሻ ክፍሉ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ጎማ እየመታ የሚፈትሽበት አጭር የእንጨት ዱላ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ሳይጠየቅ ራሱ ነው ያመጣው።

«ይህን ፈልጋችሁ ትመጣላችሁ ብዬ ነው» አላት። «ትናንት ማታ የተባባልነውንም ሰምተዋል መሰለኝ።»

«ጆሊን ነገረችኝ። አንተ ደግሞ ንገረኝ።»

«ነዳጅ ማደያው ጋ ዶክተሩ የከባድ መኪና ማቆሚያ ሁለቱን ይዞ ተጋደመበት። አሥራ አንድ ሰዓት ነድቼ መጥቼ የምተኛበት የለኝም። ‹አንገትህን ይዤ ነው የማወጣህ› አልኩት። ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ዳርሊን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ገባሁ። የኋላ መብራትህ ተቃጥሏል ተብዬ እሱን ስቀይር ነበር። ተንቀሳቃሽ ቤቱ ሲመዘንና ከግቢው ኋላ ሄዶ ሲቆም አይቻለሁ። በሩ በዚያኛው በኩል ስለሆነ ማን እንደወረደ አላየሁም። በኋላ ዌንዴል ብቻውን ወደዚህ ሲመጣ አየሁት። ዶክተሩን አላየሁም።»

«ሌላ ሰው ወዲያ ሲሄድ አየሁ ብትል ይሻልህ ነበር።»

«ያላየሁትን?» አለ ማርቪን ተገርሞ። ከዚያ ድምፁ ወረደ። «እመኑኝ ብዬ አልለምንዎትም። ግን ይወቁት። ካቴና ካስገቡብኝ፣ ጥፋተኛ ሆንኩም አልሆንኩም አመክሮው ይሰረዛል። ሦስት ዓመት ነው የቀረኝ። ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ስፈታ አሥራ አምስት ሆና ታገኘኛለች፤ ያን ጊዜ አባት አያስፈልጋትም።»

ዳርሊን ዱላውን አንስታ ጫፉን አየችው፤ ድቡልቡል ነው። የዶክተሩ ቁስል ግን እንደ ጠረጴዛ ጠርዝ ቀጥ ያለ ነበር።

ጆሊን ክሬብስ ሚዛን ቤቱ ጥግ ላይ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራ ነበር፤ ሠርታ ሠርታ ትፈታዋለች።

«ፒክአፑን ዛሬ ማን ነው የነዳው?» አለቻት ዳርሊን።

«እኔ ነኝ። ማርጆሪ ከባሏ ተኳርፋ እኔ ዘንድ መጣች፣ ዌንዴል ደግሞ ሎይድ ‹ና እንጫወት› ብሎት እዚያ ገባ።»

«ትናንትስ?»

«ትናንትም እኔ። ዌንዴል ወገቡን ያመዋል።»

«የቆየ ሕመም ነው?»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ከብት ጭኖ የነዳ ሰው ወገብ ምን ይተርፈዋል?» አለችና ዓይኗን ወደ ሹራቡ መለሰች።

«መንገድ ላይ ቆማችሁ ነበር?»

«መንገድ ዳር ማረፊያው ላይ፤ ሁለት ሰዓት ከአርባ ገደማ። እነሱ ቀድመውን ቆመው ነበር። እኛ ሽንት ቤት ገብተን ስንወጣ ሎይድ ሞተር አስነስቶ ሊወጣ ነው። ቀይ ቆቡን አየሁት። ተከተልነው።»

ማርጆሪ አላለቀሰችም። እንባው ገና አልደረሰባትም፤ ንዴቱ ነው ከፊት የቆመው። የኦፓልን ኩባያ በሁለት እጇ ይዛ መስኮቱን ታያለች። መስኮቱ ላይ ከነጭ በቀር ምንም የለም።

«ለምንድን ነው የተጣላችሁት እናቴ?» አለቻት ዳርሊን።

«ሠላሳ ስምንት ዓመት የተጋቡ ሰዎች ለመጣላት ምክንያት ያስፈልጋቸዋል እንዴ የኔ ልጅ?»

«አያስፈልጋቸውም። ይህን ግን ይንገሩኝ። ባልዎ ወደዚህ ሲታጠፍ ምን አሰቡ?»

ማርጆሪ ፈገግ አለች፤ ቶሎም ጠፋባት። «‹ሎይድ ሃይማኖቱን ለወጠ እንዴ?› አልኳት ጆሊንን። የየግዛቱን ሕግ በዶሴ ሰብስቦ ይዟል። በአንዱ ግዛት ለመዝናናት የሚሄድ መኪና ይመዘናል፣ በሌላው አይመዘንም። በዚህኛው አይገደድም። እሱ ደግሞ ‹ካልተገደድኩ ፕሬዚዳንቱ ቢጠራኝ አልቆምም› የሚል ሰው ነው። እየሳቅሁ ወርጄ ልጠይቀው ሄድኩ፤ ዌንዴል መንገድ ላይ አገኘኝ። ‹ጎማ ያያል፣ ገና አልበረደለትም፣ ተይው› አለኝ። እኔም ግትር ነኝ፤ እሱ ቀድሞ ይምጣ ብዬ እዚህ ገብቼ ተቀመጥኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ! ኩርፊያዬን ይዤ ቁጭ!»

ኩባያውን አስቀመጠችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ዳርሊን እጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች።

ዌንዴል ክሬብስ ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ደረተ ሰፊ፣ ለዛ ያለው ሰው ነው። ሲቀመጥ ሲነሳ፣ በሩን ከፍቶ ውሽንፍሩን አይቶ ሲዘጋ፣ ማረፊያ አጥቷል።

«መታሰር እንዲህ ነው እንግዲህ» አለ። «መንገዱ እዚያ አለ፣ አንቺ እዚህ ነሽ። ጠይቂኝ ልጄ፣ ጠይቂኝ።»

«ከማረፊያው እስከዚህ ምን አወራችሁ?»

«ምንም። ተኝቼ ነበር። ሎይድ ሲነዳ አልጋው ይወዘውዝሻል፣ እንደ ሕፃን ነው የምትተኚው። ሲቆም ነቃሁ። ‹ጎማ ልይ› ብሎ ወረደ፣ እኔ ወደዚህ መጣሁ። ከዚያ በኋላ በዓይኔ አላየሁትም፤ ነፍሱን ይማርና።»

«በነጠላ ጫማ ወረደ?»

ዌንዴል የራሱን ጫማ አየ። «ሲነዳ እሱን ነው የሚያደርገው። ስንፍና ነዋ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያ ልጅ ክፉ አይመስለኝም። ግን ንዴት አለ አይደል? ንዴት ሰው ያስገድላል።»

«ያስገድላል» አለች ዳርሊን።

ከዚያ ብቻዋን ተንቀሳቃሽ ቤቱ ውስጥ ገባች። ማርጆሪ ተቆጥታ የወጣችበት ወጥ ቤት እንደነበረ ነው፤ የዓሣማ ሥጋ ስብ በምጣዱ ረግቷል፣ ሳህኖቹ በቅባት ተጣብቀዋል፣ የምድጃው ጠርዝ ሁሉ ስብ ነው። አንድ የጠረጴዛ ማዕዘን ብቻ፣ የመዳፍ ያህል ስፋት፣ ያብረቀርቃል። አፍንጫዋን አስጠጋች። የበረኪና ሽታ ነው። ከመሪው አጠገብ ሎይድ በላስቲክ አሽጎ የለጠፈው የሕግ አንቀጽ ተሰቅሏል፤ ለሚያስቆመው ፖሊስ ሁሉ የሚያሳየው ነበር።

ተመልሳ ኦፓልን ወደ ጎን ጠራቻት። «ሲመዘን እንዴት አድርጎ ቆመ?»

«ይህን ልልሽ ነበር» አለች ኦፓል። «ለሽርሽር የሚሄዱትን ታውቂያቸዋለሽ። ተሳስተው ከገቡ ግማሾቹ እየነዱ ያልፉኛል፤ ግማሾቹ ደግሞ ፎቶ የማነሳቸው ይመስል መሃሉ ላይ ቆመው እጃቸውን ያወዛውዙልኛል። በድምፅ ማጉያ ጮኼ ጮኼ ጉሮሮዬ ይደርቃል። ይሄኛው የፊት ጎማውን ልክ መሥመሩ ላይ አሳረፈ። አረንጓዴው ሲበራ የመሃሉን። ከዚያ የኋላውን። አንዲት ቃል አልተናገርኩም። ሲወጣም ከመሪው ላይ ሁለት ጣቱን አነሳልኝ።»

«ፊቱን አየሽው?»

«ፀሐይ መስታወቱ ላይ አርፋ ነበር። ቀይ ቆብ ነው ያየሁት።»

ዳርሊን ሰዓቷን አየች። ስምንት ሰዓት ከሩብ ነው። «ሁሉንም ጥሪልኝ» አለች። «ማርቪንንም።»

በጠባቡ ሚዛን ቤት ውስጥ ስድስት ሰዎች ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥመው ተቀመጡ። ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንገጫግጨዋል። ማርቪን በሩ አጠገብ ቆሞ እጆቹን አያይዟል፤ ካቴናውን የለመዱ እጆች ናቸው።

«ሸሪፉ ማርቪንን ይዤ እንድመጣ አዞኛል» ብላ ጀመረች ዳርሊን። «ምክንያት አለው። ዝቷል፣ ዱላ አለው፣ ዶክተሩ መሬት ላይ የወደቀው ውሽንፍሩ ሳይጀምር ነው፤ ያኔ ደግሞ ማርቪን ውጭ ነበር። እኔም ከዚህ ነው የተነሳሁት። ቆቡ ግን አላስኬደኝም።»

ቀዩን ቆብ ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ዶክተሩ ቆቡን እንዳደረገ ቢመታ፣ ቆቡ ደም ይሆናል። ቆቡ ወልቆ ተመትቶ ወዲያው ቢያደርጉለትም ደም ይሆናል። ይህ ጠብታ የለውም። ቆቡ ራሱ ላይ የተደረገው ደሙ ደርቆ ካበቃ በኋላ ነው። ደም ደግሞ በሩብ ሰዓት እንደዚያ አይደርቅም። ኦፓል ቀዩን ቆብ መሪው ላይ ያየችው ሦስት ሰዓት ከስምንት ላይ ነው፤ አስፋልቱን በረዶ የሸፈነው ከሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት በኋላ። ስለዚህ ዶክተሩ እዚህ ሲደርስ አስቀድሞ ተመትቷል። ኦፓል ያየችው ቆብ ሌላ ሰው ራስ ላይ ነበር።»

«ምን ማለትሽ ነው?» አለች ማርጆሪ። «እኔ ሲነዳ አይቼዋለሁ!»

«ቆቡን ነው ያዩት እናቴ። ምጣዱን ትተው ወጡ፣ አይደል? ጠረጴዛውን ጠርገዋል?»

«ተናድጄ? ማንኪያም አላነሳሁ!»

«አንድ ማዕዘን ግን በበረኪና ታጥቧል። ቁስሉ ከዚያ ማዕዘን ጋር ይገጥማል። ከመኪናው ወርዶ ጎማ ሊያይ የወጣ ሰው በነጠላ ጫማ አይወጣም፤ ወርውረው የጣሉት ሰው ግን ባለበት ጫማ ይወድቃል። ማረፊያው ላይ፣ እናንተ ሽንት ቤት ሳላችሁ ነው የተመታው። መኪናው ውስጥ ደግሞ ሁለት ሰው ብቻ ነበር።»

ዓይን ሁሉ ወደ ዌንዴል ዞረ። እሱ ግን ሳቀ። «ተኝቼ ነበር አልኩሽ። አንድ ሌላ ሰው ገብቶ ቢሆንስ? እኔ ምን አውቃለሁ?»

«እሱንም አስቤዋለሁ» አለች ዳርሊን። «ማን እንደነዳ የነገረኝ ሚዛኑ ነው። ዶክተሩ በሕይወት እያለ እዚህ አይገባም፤ ይህን ማርጆሪ ታውቃለች። አውሎ ነፋስ ሸሽቶ እንዳይባል ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። መንገድ አቋርጦ የገባ ወንበዴ ቢሆን የመንግሥት ሚዛን ላይ ሬሳ ጭኖ አይወጣም። ማንም ጤነኛ ገዳይ አያደርገውም። ይህን ሳያስብ የሚያደርገው አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው። ‹ሚዛን ክፍት ነው› የሚለው ሰሌዳ ሲበራ አእምሮው ሳይጠየቅ እጁ የሚታጠፍ፣ መሥመሩ ላይ ጎማ በጎማ የሚያሳርፍ፣ ሲወጣ ሁለት ጣቱን የሚያነሳ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ክፍት ሚዛን አልፎ ስለማያውቅ። የለመደች ጦጣ ዘወትር ሽምጠጣ ይባላል።»

ማርቪን ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። «እኔም በራሴ ትንሽ መኪና ስሄድ ሁለት ጊዜ ወደ ሚዛን ታጥፌያለሁ» አለ። «ልጄ ትስቅብኛለች።»

ማንም አልሳቀም። ጆሊን ሹራቧን ጥላ ባሏን እያየች ነው።

«ለምን? ይህ ብቻ ነው የቀረኝ» አለች ዳርሊን። «ፍንጭ ግን አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ከባድ መኪና የነዳ ሰው ትናንትም ዛሬም መሪውን ለሚስቱ ትቷል። ምክንያቱ ወገቡ አይደለም። ማርጆሪ፣ ጠቡ ስለምን ነበር?»

ማርጆሪ ጆሊንን አየች። «ይቅር በይኝ» አለቻት። ከዚያ ፊቷን አቀናች። «ዌንዴል መሪ ይዞ ሁለት ጊዜ ራሱን ስቷል። ሎይድ ሐኪም ነው፤ ለመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት እጽፋለሁ አለ። ‹ይህን ሰው መንጃ ፈቃዱን ከምትነጥቀው ብትገድለው ይሻለዋል› አልኩት። ‹አንድ ቤተሰብ ላይ ሲወጣ ልጠብቅ?› አለኝ። ተኳርፈን ወረድኩ።»

ዌንዴል ተነሳ፣ የሚሄድበት ግን አልነበረም፤ መልሶ ተቀመጠ። አርጅቶ ታየ።

«ደብዳቤውን ጽፎ ጨርሶ ነበር» አለ። «አነበበልኝ። ቀስ ብሎ፣ ለሕመምተኛ እንደሚነበብ። ከዚህ ወዲያ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ መስኮት ላይ ስሞት ታየኝ። ወረቀቱን ስጠኝ አልኩት፣ አልሰጥም አለ። ገፋሁት። ለመግደል አልነበረም ጆሊን፣ ወረቀቱን ፈልጌ ነው። እግሩ ተንሸራተተ፣ ማዕዘኑ... ተነስ ሎይድ፣ ተነስ አልኩት። አልተነሳም። እናንተ ስትመጡ ሰማሁ። እሱ አውልቆ ያስቀመጠውን ቆብ አደረግሁ።»

«ወዴት ልትወስደው ነበር?»

«ገደሉ አጠገብ ያለው ጠመዝማዛ። ከዚህ ሁለት ማይል። እኔ እዘላለሁ፣ መኪናው ይገባል፣ አደጋ ነው ይባላል። ሁሉን አስቤዋለሁ። ከዚያ ሚዛኑ ላይ ነቃሁ። እምልልሻለሁ፣ መታጠፌን አላስታውስም። በመስታወት ማርጆሪ ስትወርድ አየኋት፤ ወደ ግቢው ኋላ ነዳሁና ቆቡን አድርጌለት ጣልኩት። ሴቶቹን ካስወጣሁ በኋላ መልሼ እጭነዋለሁ ብዬ ነበር። መንገዱ ተዘጋ።»

«እኔን ሊያሳስሩኝ ነበር» አለ ማርቪን። ድምፁ አልተቆጣም፤ ደክሟል። «ወንድሜ ይሉኝ ነበር ጠዋት።»

ዌንዴል ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም። ጆሊን ተነስታ ወደ ማርጆሪ ሄደች፤ ልታቅፋት እጇን ዘርግታ መሃል ላይ ቆመች፣ መብት ያላት አልመሰላትም። ማርጆሪ ራሷ ሳበቻት። ያን ጊዜ ነው እንባው የመጣላት።

ጠራጊው መኪና ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ቢጫ መብራቱን እያሽከረከረ ደረሰ። ዳርሊን ለሸሪፉ በሬዲዮ በሦስት ዓረፍተ ነገር ነገረችው። ኦፓል የማርቪንን ወረቀት ማህተም አድርጋ ሰጠችው። ስልኩን አውጥቶ፣ ደውሎ፣ «ማታ እደርሳለሁ፣ ሳትበዪ ጠብቂኝ» ሲል ሁሉም ሰማው። ከዚያ ትልቁን መኪናውን አስነስቶ ወጣ።

ዳርሊን ካቴናውን ዌንዴል ላይ ስታስገባ ኦፓል በሩን ይዛ ቆማ ነበር። ዝም ብላ ልታሳልፈው ነበር፣ አልቻለችም።

«የናንተን ዓይነት መኪና እኔ አልመዝንም» አለችው። «ለወግ ያህል ነው መብራት ያበራሁልህ። ቀጥ ብለህ ብታልፍ ኖሮ አንገቴን አላዞርም ነበር። አልተገደድክም እኮ!»

«አውቃለሁ» አለ ዌንዴል። «ሎይድ መቶ ጊዜ ነግሮኛል።»